ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂ ጅማ ላይ፦ ከሶፍትዌሩ በፊት ሳጥኑን መለካት

የዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ የሚነሳው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ኮተም (ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት) ከሲቪል ምሕንድስና በምን ይለያል?» መልሱ አጭር ነው። ሲቪል መሐንዲሱ በዋናነት ሕንፃው ወይም መንገዱ ሸክሙን ችሎ እንዲቆም ምን ዓይነት ቅርጽና ምን ያህል ብረት እንደሚያስፈልገው ያሰላል። የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ተማሪ ደግሞ ያ የተሰላው ነገር መሬት ላይ በምን ቅደም ተከተል፣ በስንት ሰው፣ በስንት ብርና በምን ጥራት እንደሚሠራ ይማራል። ሰርቬይንግ (የመሬት ቅየሳ)፣ የግንባታ ዕቃዎች፣ የአፈር ሜካኒክስና የስትራክቸር መግቢያው ለሁለቱም የጋራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ ወደ ዲዛይን፣ ሌላው ወደ ኳንቲቲ ሰርቬይንግ (የሥራ መጠን ልኬት)፣ ኮንትራት፣ የዋጋ ትንተናና የሥራ ዕቅድ ያዘነብላል። «የትኛው ይሻላል» የሚለው ክርክር ማለቂያ ስለሌለው እንለፈው።

እኛ ልንናገር የፈለግነው ሌላ ነው። ብዙ ተማሪ ሁለተኛ ዓመት ላይ አውቶካድ (የንድፍ ሶፍትዌር)፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ኢታብስ (የስትራክቸር ስሌት)፣ አራተኛ ላይ ፕሪማቬራ (የሥራ ዕቅድ) ለመማር ይሯሯጣል፤ ሳይት ሲወጣ ግን አንድ ሳጥን አሸዋ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ሊትር ኮንክሪት እንደሚወጣ አያውቅም። ሶፍትዌር በሦስት ወር ይለመዳል። መለካት ግን ልማድ ነው፤ ልማዱም የሚያዘው በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ላብራቶሪ ውስጥ እጅ ጭቃ ሲነካ ነው።

ጅማ ደግሞ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት፣ ማለትም ሁሉንም ነገር ታስቸግራለች። በዓመት 1500 ሚ.ሜ ገደማ ዝናብ ይዘንባል፣ እርጥበቱ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከፍ ያለው ሰፈር ቀይ አፈር ነው፤ ወደ ረግረጉና ወደ ቆላማው ሜዳ ሲወረድ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁርና ግራጫ ጭቃ ይመጣል። ጥሩ አሸዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው። መማሪያ መጽሐፉ ላይ «አሸዋው ደረቅ ነው እንበል» ተብሎ የሚታለፈው ነገር እዚህ በዓመቱ አብዛኛው ወራት ሐሰት ነው።

ሳጥኑ፣ አሸዋውና ውሃው

ከኮንክሪት እንጀምር። በእኛ አገር የሥራ ዝርዝር ላይ ሲ-25 ኮንክሪት (በኩብ ሲፈተሽ 25 ሜጋ ፓስካል የሚችል) ብዙ ጊዜ በሜትር ኩብ 360 ኪ.ግ ሲሚንቶ ተብሎ ይጻፋል። ሱቁ በኩንታል ያወራል፣ ቢል ኦፍ ኳንቲቲው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ) በኪሎ ግራም፣ ሚክሰሩ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ደግሞ በከረጢት። 1 ኩንታል 2 ከረጢት ነው፤ 360 ኪ.ግ ማለት 7.2 ከረጢት። ይህን መቀያየር በጭንቅላት መሥራት ያልቻለ ተማሪ የሲሚንቶ መጋዘን ሊረከብ አይገባም።

ሳይት ላይ የሚለካው በእንጨት ሳጥን ነው። 50 በ40 ሴ.ሜ ሆኖ ከፍታው 18 ሴ.ሜ የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ልቅ መጠን ያህል ነው። ለ1 ከረጢት 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን ጠጠር ከተባለ የደረቁ ዕቃዎች ድምር 36 ሲደመር 72 ሲደመር 108፣ በጠቅላላው 216 ሊትር ይሆናል። ከዚህ የሚወጣው ኮንክሪት ግን 140 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ አሸዋው የጠጠሩን ክፍተት፣ ሲሚንቶው የአሸዋውን ክፍተት ይሞላልና። ክፍል ውስጥ «1.54 አባዙ» የሚባለው ቁጥር የመጣው ከዚሁ ነው፦ 216 ለ140 ሲካፈል። 1000 ሊትር ለ140 ሲካፈል ደግሞ 7.1 ከረጢት ይሰጣል፣ ማለትም ከ360 ኪ.ግ ጋር በጣም ይቀራረባል። ተማሪው ይህን ስሌት አንድ ጊዜ በራሱ እጅ ከሠራው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም፤ 1.54ን በቃሉ ከያዘው ግን ከፈተናው ማግስት ይጠፋዋል።

አሁን ዝናቡን እናምጣ። ውሃና ሲሚንቶ በ0.5 ሬሾ ከተባለ ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ ነው። 72 ሊትር ደረቅ አሸዋ ወደ 108 ኪ.ግ ይመዝናል። አሸዋው ራሱ ከሚመጠው ውጪ 5 በመቶ ነፃ ውሃ ከያዘ 5.4 ሊትር ውሃ ሳይታይ ወደ ሚክሰሩ ይገባል። ሠራተኛው እንደለመደው 25 ሊትር ቢጨምር ጠቅላላ ውሃው 30.4 ሊትር፣ ሬሾው 0.61 ሆነ ማለት ነው። ኮንክሪቱ ቶሎ ይፈሳል፣ ለመሥራት ይመቻል፣ ሁሉም ይደሰታል፤ ጥንካሬው ግን ወርዷል። መሆን የነበረበት የሚጨመረው ውሃ 19.6 ሊትር ገደማ ነበር።

በዚሁ ሰዓት ሌላ ጥፋት በተቃራኒው አቅጣጫ እየተፈጸመ ነው። እርጥብ አሸዋ ያብጣል፦ ቅንጣቶቹን የከበባቸው ስስ የውሃ ሽፋን እርስ በርስ ያራርቃቸዋል። 5 በመቶ ገደማ እርጥበት ላይ ደቃቅ አሸዋ ከ20 እስከ 30 በመቶ መጠኑ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ሳጥኑ ሙሉ ሆኖ ሲታይ ውስጡ ያለው አሸዋ ጎድሏል። መለኪያው ቀላል ነው። ቀጥ ባለ ዕቃ ውስጥ እርጥቡን አሸዋ ሳትጠቀጥቁ ሙሉና ከፍታውን ለኩ፣ 20 ሴ.ሜ ነው እንበል። ከዚያ አሸዋውን አውጥታችሁ ዕቃውን እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉና አሸዋውን ቀስ እያላችሁ መልሱት፣ በዘንግ አማስሉት። በውሃ የተዋጠ አሸዋ እብጠቱን ትቶ ወደ ደረቅ መጠኑ ይመለሳል። አሁን 16 ሴ.ሜ ላይ ከቆመ ልዩነቱ 4 ለ16 ሲካፈል 25 በመቶ ነው። የአሸዋው ሳጥን ከፍታ ከ18 ወደ 22.5 ሴ.ሜ ማደግ አለበት። በዝናብ ወቅት ለአሸዋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሳጥን ማሠራት የአንድ ጣውላ ወጪ ነው፤ ያም ሆኖ የሚያሠራው ሳይት ጥቂት ነው።

የአሸዋው ንጽሕናም አለ። የኢትዮጵያ ደረጃ ለደለልና ለሸክላ የሚፈቅደው እስከ 6 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይታጠባል ወይም ይመለሳል። ለሙከራው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ምልክት ያለው ሲሊንደር ያስፈልጋል። 50 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ አድርጉ፣ አሸዋውን 100 እስኪደርስ ጨምሩ፣ የጨው ውሃውን እስከ 150 ሙሉ፣ አፉን ዘግታችሁ በደንብ ናጡና 3 ሰዓት ሳትነኩት ተዉት። ከላይ የተኛውን ስስ ንብር ለታችኛው አሸዋ አካፍሉ። ጨዉ ሸክላው ቶሎ እንዲረጋ ነው፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ሳይት ላይ ሲሊንደር ከሌለ ጎኑ ቀጥ ያለ የብርጭቆ ማሰሮ ይሠራል። በሃይላንድ ላስቲክ መሥራት የተለመደ ነው፣ ግን ቅርጹ ወገቡ ላይ ስለሚጠብ ከፍታውን ብቻ አንብቦ ማካፈል ውጤቱን ያዛባል።

ሙከራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ናሙናው ከክምሩ ላይኛ ፊት ሲወሰድ ነው። ዝናብ የላዩን ደለል አጥቦ ወደ ታች ያወርደዋልና ላዩ ንጹሕ፣ ሥሩ ጭቃ ይሆናል። ከክምሩ ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር ወስዳችሁ ቀላቅሉ፣ ከዚያ ለአራት ከፍላችሁ ተቃራኒ ሁለቱን ያዙ።

ስላምፕና ኩብ

ስለ ስላምፕ፣ ማለትም ትኩሱ ኮንክሪት ምን ያህል እንደቀጠነ ስለሚለካው ሙከራ፣ ብዙ አንልም። ሾጣጣው 300 ሚ.ሜ ከፍታ፣ ሥሩ 200፣ አፉ 100 ሚ.ሜ ነው፤ በ3 ንብር ይሞላል፣ እያንዳንዱ ንብር 25 ጊዜ በ16 ሚ.ሜ ዘንግ ይወጋል። የሚሳሳተው ማንሻው ላይ ነው፦ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ቀጥ ብሎ፣ ሳይጠማዘዝ መነሳት አለበት። አንድ ጎኑ ተንሸራቶ ከወደቀ ያ ቁጥር አይጻፍም፣ ሙከራው ይደገማል።

ለጥንካሬ ሙከራ ተሞልቶ በማሽን የሚሰበረው ኩብ ላይ ግን ቆም እንበል፣ ምክንያቱም የጥራት ወረቀት የሚፈረመው በእሱ ነው። የ150 ሚ.ሜ ኩብ ፊቱ 22,500 ካሬ ሚ.ሜ ነው። 25 ሜጋ ፓስካል ለመድረስ ማሽኑ 562.5 ኪሎ ኒውተን ማንበብ አለበት። ይህን ቁጥር በቃል መያዝ ያዋጣል፤ ማሽኑ ፊት ቆማችሁ መርፌው 380 ላይ ሳለ ኩቡ ሲሰበር ካልኩሌተር ሳታወጡ ነገሩ ይገባችኋል። ከመሰበሩ በፊት ኩቡን መመዘንም እንዲሁ። መደበኛ ኮንክሪት 2400 ኪ.ግ በሜትር ኩብ ቢሆን ኩቡ 8.1 ኪ.ግ ይመዝናል። 7.6 ኪ.ግ የመዘነ ኩብ ገና ሳይሰበር ስለ አወጋጉ ተናግሯል፦ ውስጡ አየር ነው። ጥፋቱ የኮንክሪቱ ሳይሆን የኩቡ ሠሪ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ስሕተት አቀማመጡ ነው። ኩቡ ሲሞላ በማንኪያ የተለሰነው ፊት ሸካራ ነውና ከማሽኑ ሳህን ጋር መገናኘት የለበትም፤ ኩቡ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚጫነው። ያ ካልተደረገ ጭነቱ ጥቂት ጉብታዎች ላይ ያርፍና ውጤቱ ከእውነተኛው በታች ይወጣል። ደግሞም ኩቡ ሳይት ላይ ፀሐይ ላይ ከሦስት ሳምንት በላይ ተረስቶ በ26ኛው ቀን ውሃ ውስጥ ቢነከር የ28 ቀን ውጤት አይባልም። በማግስቱ ከቅርጹ ይወጣል፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍበታል፣ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይገባል። የ7 ቀኑ ውጤት በተለመደው ኦፒሲ (መደበኛ ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ከ28 ቀኑ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ይሆናል። በፒፒሲ (ፖዞላና በተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ከተሠራ ጅምሩ ቀርፋፋ ነው፤ የ7 ቀን ቁጥር አይቶ መደንገጥም ሆነ ካሳፎርማ (የኮንክሪቱን መያዣ ቅርጽ) ለማንሳት መቸኮል አይገባም።

ስለ ስያሜው አንድ ነገር፣ ፈተና ላይም ሳይት ላይም ስለሚያምታታ። በቀድሞው የ1995 የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ (ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሲ-25 ማለት የኩብ ጥንካሬው 25 የሆነ ኮንክሪት ነው። በኋላ ከዩሮኮድ (ከአውሮፓ የግንባታ ኮድ) ተወስዶ በ2015፣ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የወጣው ደረጃ ግን ሁለት ቁጥር ይጽፋል፦ ሲ20/25። የመጀመሪያው የሲሊንደር፣ ሁለተኛው የኩብ ጥንካሬ ነው። የድሮው ሲ-25 እና የአሁኑ ሲ20/25 በኩብ ሲለኩ አንድ ናቸው። የዲዛይን ቀመር ውስጥ የሚገባው ግን የሲሊንደሩ 20 ነው፤ 25ን አስገብቶ የሚያሰላ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

አፈሩ

ጅማ ላይ የአፈር ላብራቶሪ ኮርስን «ለማለፍ ያህል» መውሰድ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ሁለት ፍጹም የተለያዩ አፈሮች በእግር መንገድ ርቀት ላይ ይገኛሉና። ከሁለቱም አንዳንድ ከረጢት አምጥታችሁ ጎን ለጎን ፈትሿቸው።

ጥቁሩን ለመለየት በጣም ርካሹ ሙከራ የነፃ እብጠት ነው። በ0.425 ሚ.ሜ ወንፊት ያለፈ ደረቅ አፈር 10 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ባለበት ሲሊንደር ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱና ለ24 ሰዓት ተዉት። 18 ላይ ከቆመ እብጠቱ 80 በመቶ ነው። ከ50 በመቶ በታች የሆነ አፈር ብዙ አያስቸግርም፤ 100 ካለፈ ቀላል ቤት እንኳ ያነሳል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል።

የአተርበርግ ገደቦች (አፈሩ በምን ያህል እርጥበት ከጠጣር ወደ ሊጥ፣ ከሊጥ ወደ ፈሳሽ እንደሚለወጥ የሚለኩ) ላይ የካሳግራንዴ ሳህን፣ ማለትም መሐሉ የተሰነጠቀው አፈር ተቀምጦበት እየተነሳ የሚወድቀው ሳህን፣ የሚወድቅበት ከፍታ 10 ሚ.ሜ መሆኑ በየጊዜው መረጋገጥ አለበት። በብዙ ተማሪ እጅ የሚያልፍ መሣሪያ ስለሆነ ብሎኑ ይላላል፣ 10ሩ 12 ይሆናል፣ ስንጥቁም በአነሰ ምት ይዘጋል። ምቱ በሴኮንድ 2 ነው፤ ስንጥቁ 13 ሚ.ሜ ያህል ርዝመት ሲገናኝ ይቆጠራል፤ ነጥቦቹ ከ25 ምት በላይም በታችም መሆን አለባቸው። አራት ነጥብ ሁሉም ከ30 በላይ አድርጎ መስመሩን በግምት ማርዘም የተለመደ ስንፍና ነው።

ቀዩ አፈር የራሱ ጠባይ አለው። እንዲህ ያለ የሞቃት አካባቢ ቀይ አፈር ከሙከራው በፊት በኦቨን ቢደርቅ ደቃቅ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይቀራሉና የፈሳሽነት ገደቡ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ኦቨኑ ለእርጥበት መለኪያ ብቻ ይሁን፤ ለአተርበርግ የሚሆነው ናሙና ጥላ ሥር በአየር ይድረቅ፣ ቢቻል ከተፈጥሮ እርጥበቱ ይጀመር። ፕሮክተር (አፈሩ ተቀጥቅጦ የሚደርስበትን ከፍተኛ ጥግግት የሚለካው ሙከራ) ላይም ተመሳሳይ ነው፦ አንዱን ናሙና ፈልፍሎ ውሃ እየጨመሩ ደጋግሞ መቀጥቀጥ ቅንጣቱን ይሰባብረዋል፣ ጥግግቱም ከፍ ብሎ ይታያል። ለእያንዳንዱ ነጥብ አዲስ አፈር ያዙ። ይህ ማለት 3 ሳይሆን 15 ኪ.ግ ገደማ አፈር ተሸክሞ መምጣት ነውና ማንም አይወደውም።

ሳይት ላይ የዚህ ሁሉ ትርጉሙ ምንድን ነው? ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይወገዳል፣ በገረጋንቲ (በተመረጠ የማያብጥ ሙሌት) ይተካል፣ በ20 ሴ.ሜ ንብር እየተጠቀጠቀ ጥግግቱ ከፕሮክተሩ 95 በመቶ መድረሱ ይለካል። ንብሩ 40 ሴ.ሜ ከሆነ ላዩ ድንጋይ፣ ሥሩ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ የጥግግት ሙከራው ላይኛውን 15 ሴ.ሜ ብቻ ስለሚያይ «አለፈ» ይባላል። በዝናብ ወቅት ደግሞ የቁፋሮው የመጨረሻ 20 ሴ.ሜ ሳይነካ ይተው፤ ሊን ኮንክሪቱ (ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) በሚፈስበት ቀን ጠዋት ይቆፈር፣ ያኔውኑ በ5 ሴ.ሜ ሊን ይሸፈን። ተቆፍሮ አድሮ ዝናብ የመታው ሥር ረግረግ ሆኗልና እንደገና መቆረጥ አለበት፤ ተቆርጦ የጎደለውን የሚከፍል ሰው ግን የለም።

እርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ድጋፍም አብረው አይሄዱም። ስሌቱ የአንድ ደቂቃ ነው። 15 ሴ.ሜ ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) በካሬ ሜትር 375 ኪ.ግ ይመዝናል፤ ሠራተኛና ካሪዮላ (የእጅ ጋሪ) 150 ብንል 525 ኪ.ግ። ድጋፉ በየ1 ሜትር ቢቆም ይህ ሁሉ 10 ሴ.ሜ ዲያሜትር ባለው እግሩ በ78.5 ካሬ ሴ.ሜ ላይ ያርፋል፣ ማለትም 6.7 ኪ.ግ በካሬ ሴ.ሜ። ለስላሳ እርጥብ ጭቃ 1ን እንኳ በቅጡ አይችልም። 20 በ50 ሴ.ሜ ጣውላ ሥሩ ቢነጠፍ ወደ 0.5 ይወርዳል። ሶሌታ መሐሉ ወደ ታች ጎብጦ ሲገኝ «ካሳፎርማው ደካማ ነበር» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ደካማው መሬቱ ነው።

«ዝናብ ስላለ ኪዩሪንግ (ኮንክሪቱን ውሃ ማጠጣት) አያስፈልግም» የሚለውንም አትቀበሉ። ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት ፀሐይ ከወጣ ላዩ ደርቋል። ቢያንስ 7 ቀን፣ ፒፒሲ ከሆነ ከዚያም በላይ፣ ሳይቋረጥ መርጠብ አለበት። በፈሰሰ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ ዝናቡ ራሱ ጠላት ነው፣ የላዩን ሲሚንቶ አጥቦ ይወስዳል፤ ላስቲኩ ሚክሰሩ ከመነሳቱ በፊት ተዘርግቶ ይጠብቅ።

ብረት መቁጠር

ቴክ ኦፍ (ከንድፉ ላይ የሥራ መጠን ማውጣት) ላይ የሚጠፋው ማርክ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው፦ አንድ መደመር ከመርሳት፣ እና የበርና መስኮት ቀዳዳ ካለመቀነስ። የ3 ሜትር ኮለን (ምሰሶ) ላይ ስታፋው (ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያ የሚያቅፈው ቀጭን ብረት) በየ15 ሴ.ሜ ከሆነ 3 ለ0.15 ሲካፈል 20 ክፍተት ነው፤ ስታፋው 21።

የብረት ክብደት በሜትር፣ ዲያሜትሩ በሚ.ሜ በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል ይገኛል። 8 ሚ.ሜ 0.395፣ 12 ሚ.ሜ 0.89፣ 14 ሚ.ሜ 1.21 ኪ.ግ። አንድ ሜትር ቆርጦ መመዘን የገበያውን ብረት ለመፈተሽም ይጠቅማል፤ «14» ተብሎ የተሸጠው 1.1 ኪ.ግ ብቻ ከመዘነ 14 አይደለም፣ እና ልዩነቱ በዓይን አይታይም።

አሁን ወረቀት ላይ የማይታየውን ነገር ተመልከቱ። 30 በ30 ኮለን፣ ሽፋኑ 2.5 ሴ.ሜ፤ ስታፋው 25 በ25 ሆኖ ዙሪያው 100 ሴ.ሜ፣ ለሁለቱ መንጠቆ 8፣ 8 ሴ.ሜ ሲጨመር 116። ብረት የሚመጣው በ12 ሜትር ነው፤ ከአንዱ 10 ስታፋ ይወጣል፣ 40 ሴ.ሜ ይተርፋል። ዲዛይነሩ መንጠቆውን ትንሽ አርዝሞ 121 ሴ.ሜ ቢያደርገው ከአንዱ ብረት 9 ብቻ ይወጣል፤ 1.11 ሜትር ቁራጭ ይወድቃል፣ ይኸውም 9 በመቶ ነው። ቢል ኦፍ ኳንቲቲው ግን የሚከፍለው ንጹሑን ክብደት ብቻ ነው። ኮንትራክተሩ ከብረት የሚያተርፈው ወይም የሚከስረው እዚህ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጥሩ ፌራዮ (ብረት ሠራተኛ) ቁራጩን ለሊንቴል (ከበርና መስኮት በላይ ላለው አግዳሚ) ወይም ለመንጠቆ ሲያዛውር የሚሠራውን ሥራ አስተውላችሁ ጻፉት።

ብሎኬት ቀላል ነው፦ 40 በ20 ፊት ያለው በካሬ ሜትር 12.5፣ ከስብራቱ ጋር 13። ቁፋሮ ላይ ግን መጠንቀቅ ነው። መሬት ውስጥ 100 ሜትር ኩብ የነበረ አፈር ሲቆፈር ወደ 125 ወይም 130 ያድጋል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ ትራክ 8 ጉዞ መሆኑ ነው። ክፍያው የሚሰላው በመሬቱ መጠን ሲሆን ጭነቱ ደግሞ በላላው ነው። የጭነቱን ዋጋ በ100 አስልቶ ጨረታ የገባ ሰው ሩብ ያህሉን ከኪሱ ይከፍላል።

ሌቭሊንግን (የከፍታ ልኬትን) ባጭሩ፦ የባክ ሳይቱ (የኋላ ንባቡ) ድምር ሲቀነስ የፎር ሳይቱ (የፊት ንባቡ) ድምር፣ ከመጨረሻው ከፍታ ሲቀነስ የመጀመሪያው ጋር እኩል ካልሆነ ሒሳቡ ተሳስቷል። እኩል ሆኖም ልኬቱ ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ ማረጋገጫ የሚያየው መደመራችሁን ብቻ ነው፣ መሣሪያውን አያይም። ለዚህ ነው ወደ መነሻው ነጥብ ተመልሶ መዝጋት የሚያስፈልገው፤ መሣሪያው ከኋላና ከፊት ምሰሶው እኩል ርቀት ላይ ቢቆም ደግሞ የመሣሪያው የእይታ መስመር መዛባት እርስ በርሱ ይጣፋል።

ኢንተርንሺፕ

አራት ወር ገደማ የሚፈጀው የሳይት ቆይታ ብዙ ጊዜ የሚባክነው ፎቶ በማንሳት ነው። ሪፖርቱ ውስጥ 60 ፎቶ ይኖራል፣ አንድ የተለካ ቁጥር አይኖርም። የምንመክረው አንድ ሥራ መርጦ ምርታማነቱን መመዝገብ ነው። የብሎኬት ግንብ ይሁን እንበል፦ ስንት ግንበኛ፣ ስንት ረዳት፣ ስንት ሰዓት ጀመሩ፣ ስንት ሰዓት ጨረሱ፣ ስንት ካሬ ሜትር ተገነባ፣ ሥራው ለምን ተቋረጠ (ውሃ ጠፋ፣ ሲሚንቶ ዘገየ፣ ዘነበ)። ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእናንተ የሆነ የምርት መጠን ይሰጣችኋል። የነጠላ ዋጋ ትንተና ቅጹ ላይ የሚሞላው «ሰዓታዊ ምርት» ከየት እንደሚመጣ የሚገባው ያኔ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከቀደመ ጨረታ ገልብጦ ነው የሚያስገባው። እዚያው ቅጽ ላይ ያለው የዩቲላይዜሽን ፋክተርም ትርጉም ያገኛል፦ አንድ ፎርማን አራት ቡድን የሚያሠራ ከሆነ ለአንዱ ቡድን የሚታሰበው 0.25 ነው።

አነጋገርም አለ። ተማሪው ገና በመጀመሪያው ቀን «ኢንጂነር» ይባላል፣ ግማሹ አክብሮት ግማሹ ፌዝ ነው። አናጢውን «ጋሼ፣ ይህን ለምን እንዲህ አሰሩት?» ብሎ የጠየቀ ብዙ ይማራል፤ «ይህ በኮዱ መሠረት ስሕተት ነው» ብሎ የጀመረ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ይቆማል። ጅማ ዙሪያ ባሉ ሳይቶች ብዙው የቀን ሠራተኛ የሚግባባው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ የዕቃዎቹን ስምና ቁጥሮቹን ቀድሞ ማጥናት ከማንኛውም ሰርተፊኬት ይበልጣል። ስሕተት ካያችሁ ለተቆጣጣሪው ወይም ለሳይት መሐንዲሱ ንገሩ እንጂ በሠራተኛው ፊት አትከራከሩ፤ ግን ሎግ ቡኩ ላይ ከነቀኑ ይጻፍ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ለዚህ ፈተና ተብለው የሚዞሩት የጥያቄ ጥራዞች ውስጥ በስሕተት የተመለሱ አሉና መልሱን ብቻ አትሸምድዱ፤ በተለይ የስሌት ጥያቄዎቹን እንደገና ሥሯቸው። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ የሠራችሁት የላብራቶሪ ሪፖርት ካልተጣለ ከሁሉም የተሻለ ማጠናከሪያ እሱ ነው፣ ቁጥሮቹ የራሳችሁ ናቸውና።

ለሶፍትዌሩ ደግሞ ኤክሴልን አስቀድሙ። የቴክ ኦፍ ቅጽ፣ የብረት ዝርዝር፣ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ሁሉም በእሱ ይሠራል። የብረት ዝርዝሩን ስታዘጋጁ ከጠቅላላ ክብደቱ አጠገብ «ከ12 ሜትር ስንት ቁራጭ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ ቀመሩ 12ን ለቁራጩ ርዝመት አካፍሎ ወደ ታች ማጠጋጋት ብቻ ነው። ወደ ታች መሆኑን አረጋግጡ፤ በተለመደው ማጠጋጋት 9.9 ቁራጭ 10 ይሆንና ብረቱ ሳይት ላይ ይጎድላል።